ፊቱን የሸፈነ ተግሣጽ፦ ከጆርጅታውን አደባባይ



ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ሄደው የሚመለሱ ወላጆች ምን አይታችሁ መጣችሁ ሲባሉ፣ አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ትልልቅ መደብርና ስለ ሰፊ መንገድ ነው። በልጆቹ አይፈረድም። ሁለት ሥራ እየሠሩ በሚያገኟት አንዲት የዕረፍት ቀን እናትና አባታቸውን የሚወስዱት ወደሚያውቁት ቦታ ነው፤ የሚያውቁት ደግሞ ዎልማርትን ነው። ይሁን እንጂ ልጆቻችሁ በቴክሳስ፣ በዳላስ ወይም በሂውስተን ወይም በኦስቲን የሚኖሩ ከሆነ፣ አንዱን ቅዳሜ ለአንዲት የቆየች ከተማ አደባባይ እንድትሰጡት እመክራለሁ። ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው በእግራቸው የሚዞሩበት ቦታ በዚያ አገር ብዙ የለም። መኪና የሌለው ሰው እንደ እስረኛ በሚቆጠርበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዛሬ ልወስዳችሁ ያሰብኩት ከኦስቲን በስተ ሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ጆርጅታውን ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ካለው ጆርጅታውን ጋር እንዳታምታቱት፤ ያ ሌላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቴክሳስ 254 ካውንቲዎች አሏት። ካውንቲ ማለት የእኛን ወረዳ ወይም ዞን የሚመስል የአስተዳደር ክፍል ነው። በብዙዎቹ ካውንቲዎች ዋና ከተማው ሲቆረቆር መጀመሪያ መሐል ላይ አራት ማዕዘን መሬት ተለክቶ ይተዋል፤ በእርሱ ላይ ፍርድ ቤቱ ይሠራል፤ ሱቆቹም በአራቱም ወገን ፊታቸውን ወደ ፍርድ ቤቱ አዙረው ይደረደራሉ። በእኛ አገር የቆዩ ከተሞች መሐል ላይ የምታገኙት ደብሩን ወይም ገበያውን ነው። በቴክሳስ ግን መሐሉ የዳኛ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ከአደባባዩ ትንሽ ራቅ ብለው በየመንገዱ ይቆማሉ። ይህን ሳይ ትዝ ያለኝ በሩት መጽሐፍ ምዕራፍ 4 የተጻፈው የቤተ ልሔም በር ነው። ቦዔዝ የሩትን ጉዳይ የጨረሰው በጓዳ አልነበረም። ማለዳ ወጥቶ በከተማይቱ በር ተቀመጠ፤ አሥር ሽማግሌዎችን አስቀመጠ፤ ሁሉም እያዩ ተነጋገረ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጆርጅታውን የተመሠረተችው በ1848 ነው። ስሟን ያገኘችው ለከተማው መሬት ከሰጡት ሰዎች አንዱ ከሆነው ከጆርጅ ዋሽንግተን ግላስኮክ ነው። ካውንቲው ደግሞ ዊልያምሰን ይባላል፤ በቴክሳስ ታሪክ ስመ ጥር በሆነ ዳኛ ስም የተሰየመ ነው። እኚህ ዳኛ በልጅነታቸው በደረሰባቸው ሕመም አንድ እግራቸው ወደ ኋላ ታጥፎ ስለቀረ ከጉልበታቸው ላይ የእንጨት እግር አስረው ይሄዱ ነበር። ሰውም “ባለ ሦስት እግሩ ዊሊ” ይላቸው ነበር። የከተማዋ ወንዝ ስሙ ሳን ገብርኤል ነው፤ አዎን፣ ቅዱስ ገብርኤል። አንዳንድ የእኛ ወገኖች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም።

አደባባዩን አንድ ጊዜ ለመዞር አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ በደንብ ለማየት ግን ግማሽ ቀን ያስፈልጋል። ቀና ብላችሁ ሂዱ፤ ያማረው ነገር ያለው ከሱቆቹ መስተዋት ላይ ሳይሆን ከበላዩ ነው። ሕንፃዎቹ አብዛኞቹ ሁለት ፎቅ ናቸው፤ ከአካባቢው በወጣ ነጣ ያለ ድንጋይና በጡብ የተሠሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ዓመተ ምሕረታቸውን በግንባራቸው ላይ ይዘዋል። በ1896 የተሠራውን የሎኬት ሕንፃ ሳታዩ አትለፉ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያለ ፓላስ የሚባል ሲኒማ ቤትም አለ፤ አሁን ቴያትር ይታይበታል። ወደ ምሥራቅ ጥቂት ከሄዳችሁ በሜቶዲስት ክርስቲያኖች የተመሠረተውን የሳውዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ታገኛላችሁ።

ይህ ሁሉ ግን ከመጥፋት ለጥቂት ነው የተረፈው። ሰው በመኪና ከከተማ ዳር ወዳሉ አዳዲስ መደብሮች መጉረፍ ሲጀምር የአደባባዩ ሱቆች ገበያቸው ቀዘቀዘ። ባለ ሱቆቹም ዘመናዊ መስለው ለመታየት የድንጋዩን ፊት በቆርቆሮና በልስን ሸፈኑት። በ1982 ከተማዋ “ዋና መንገድ” በሚል ስም በመላው ቴክሳስ የሚካሄድ የማደሻ ፕሮግራም ውስጥ ገባች። ሽፋኑ እየተነሣ የቀድሞው ድንጋይ ወጣ። በ1997 በዚሁ ሥራ አገር አቀፍ ሽልማት አገኘች። በ1980 ከ10,000 ያነሰ ሕዝብ የነበራት ከተማ በ2020 ቆጠራ ከ67,000 በላይ ሆናለች፤ ከዚያም ወዲህ በፍጥነት አድጋለች። ስለዚህ ትንሽ ከተማ ማለት አሁን አደባባዩን እንጂ ከተማዋን አይገልጻትም።

አሁን ወደ መሐሉ እንግባ። ፍርድ ቤቱ የተሠራው በ1911 ነው። የግሪክ ቤተ መንግሥት የሚመስሉ ትልልቅ አዕማድና የመዳብ ጉልላት አሉት። ከጉልላቱም ጫፍ ላይ የፍትሕ ምልክት የሆነች የሴት ሐውልት ቆማለች። በ1960ዎቹ የጣሪያው ዙሪያ ጌጥ ፈርሶ ሕንፃው መላጣ ሆኖ ነበር፤ በ2007 ግን እንደ ቀድሞው ሆኖ ተጠናቀቀ። የችሎት አዳራሹም ተጠብቆ አለ።

እኔ ስለዚህ አደባባይ ለእናንተ ለባለትዳሮችና ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ልጽፍ የተነሣሁት በሕንፃው ውበት ምክንያት ብቻ አይደለም። በ1923 በዚህ ችሎት የተዳኘው ነገር የእኛም ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ኩ ክለክስ ክላን የሚባለውን ድርጅት የማያውቅ የለም። ነጭ ቀሚስና ሹል ቆብ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ጥቁሮችን የሚያሳድዱ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን በ1915 እንደገና የተቋቋመው ክላን ራሱን የፕሮቴስታንት ክርስትና ጠባቂ አድርጎ ያቀርብ እንደነበረ ነው። እንደገና ያቋቋመው ዊልያም ሲሞንስ ቀድሞ የሜቶዲስት ሰባኪ ነበር። የክላን አባላት እሑድ በአምልኮ ሰዓት ቀሚሳቸውንና ጭምብላቸውን እንደለበሱ በሰልፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገቡ፣ ለመጋቢው ገንዘብ የያዘ ፖስታ ይሰጡና ይወጡ ነበር። እምቢ ያሉ መጋቢዎች ነበሩ፤ ተቀብለው ያመሰገኑም ነበሩ። በቴክሳስ ኃይላቸው እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ በ1922 ክላን የደገፈው ሰው ለአሜሪካ ሴኔት ተመረጠ።

ጠላቶቻችን የሚሏቸው ጥቁሮችን፣ ካቶሊኮችን፣ አይሁድንና ስደተኞችን ነበር። ከዚህም በላይ ግን የሥነ ምግባር ፖሊስ ነን ይሉ ነበር። አረቄ የሚሸጠውን፣ ቁማርተኛውን፣ ሚስቱን ጥሎ የሄደውን፣ በዝሙት የተጠረጠረውን በሌሊት ከቤቱ አውጥተው ይገርፉ ነበር። አንዳንዱ የሰፈር ሰው በልቡ “ደግ አደረጉት” ይል ነበር። ትዳርን እንከላከላለን፣ ቤተ ሰብን እናከብራለን የሚል ድርጅት ማን ይቃወማል?

በርለሰን የሚባል ነጭ ተዘዋዋሪ ሻጭ በዚህ ካውንቲ ይሠራ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት በኪራይ ያርፋል። ከእርስዋ ጋር ያልተገባ ግንኙነት አለው ተባለ። ከሴትዮዋ እንዲርቅ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ከክላን ደረሰው። እርሱ ግን አልሄደም። ሚያዝያ 1 ቀን 1923 ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች መኪናውን መንገድ ላይ አስቁመው ወሰዱት፤ በሰንሰለት ከዛፍ ጋር አስረው በቆዳ ጠፍር ገረፉት። ከዚያም ሬንጅ አፍስሰውበት ቴይለር በምትባለው ጎረቤት ከተማ ጥለውት ሄዱ። ቀኑ እሑድ ነበር፤ የትንሣኤ በዓል።

የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ዳን ሙዲ የቴይለር ልጅ ነበር። በ1893 የተወለደ፣ ገና 30 ዓመት የሞላው ወጣት። በዚያ ዘመን በብዙ ቦታ ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ ምስክሩም የክላን አባል ሊሆን ይችላል፤ ያልሆነውም ይፈራል። ሙዲ ግን ሰዎቹን ስም በስም ከሰሰ። መስከረም 1923 በጆርጅታውን ችሎት መሪ ጃክሰን የተባለው ተከሳሽ ቀረበ። በፍርድ ቤቱ የተቀመጡት 12 ሰዎች ከዚያው ካውንቲ ሕዝብ የተውጣጡ፣ ነገ እዚያው ገበያ የሚገናኙ ጎረቤታሞች ናቸው። ጥፋተኛ ነህ አሉት፤ ሕጉ የሚፈቅደውን የመጨረሻ ቅጣት፣ አምስት ዓመት እስራት ፈረዱበት። ሌሎችም ተከትለው ተፈረደባቸው። በአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የክላን አባላትን በፈጸሙት ድብደባ ወኅኒ ማስገባት የቻለበት የመጀመሪያው ጉዳይ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ጭምብሉ ለወለቀበት ሰው ዛፍ ሥር የነበረው ጀግንነት ችሎት ፊት አልሠራለትም።

ልብ በሉ፤ ፍርድ ቤቱ የበርለሰንን ቅድስና አልመሰከረም። ሰውየው ኃጢአት ሠርቶ ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም፤ ለነገሩም አይለውጠውም። ጥያቄው ሌላ ነው። ፊቱን የሸፈነ ሰው ሌላውን ሊገሥጽ ሥልጣን የሰጠው ማን ነው?

እኛ ጋ ጭምብልና ጠፍር የለም። ግን በቢሮ በር ሥር የሚገፋ ስም የሌለው ደብዳቤ እናውቃለን። ማን እንደላከው የማይታወቅ የስልክ መልእክት እናውቃለን። በፌስቡክና በቴሌግራም የሐሰት ስም ለብሶ የአገልጋይን ቤት ጉድ የሚዘረግፍ ገጽም አይተናል። ከሁሉ ይልቅ ለስለስ ያለውን ጭምብል እናውቃለን፦ “ለጸሎት እንዲሆንሽ ብዬ ነው የምነግርሽ እኅቴ” የሚለውን። እገሌና እገሊት ቤታቸው ሰላም የለም ይባልና በሦስተኛው ቀን ስድስት የጸሎት ቡድን ያውቀዋል፤ ባልና ሚስቱ ግን የሚያውቁት ነገር የለም። ሰው ሁሉ ይጸልይላቸዋል፤ ቤታቸው ሄዶ በር ያንኳኳ ግን አንድም የለም። እሑድ ሰላምታው ሲቀዘቅዝባቸው ነው አንድ ነገር እንዳለ የሚጠረጥሩት።

ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ያስቀመጠው ሥርዓት መጀመሪያው ምን እንደሆነ ሁላችንም በቃላችን እንይዘዋለን፦ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ። ይህ ማለት በዳዩ የወቃሹን ፊት ያያል ማለት ነው። ሁለተኛው ደረጃ ምስክሮችን ይጠይቃል፤ ምስክር ስም አለው። ናታን ወደ ዳዊት የገባው በቀን፣ በእግሩ፣ ራሱን ለንጉሡ ቁጣ አጋልጦ ነው። ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም ነበር።

“እንዲህ ከሆነ ኃጢአት በጉባኤ ውስጥ ዝም ይባል ወይ?” የሚል አንባቢ ይኖራል። የለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ስለ ተሰማው ዝሙት የጻፈው እጅግ ጠንካራ ቃል ነው። ነገር ግን የዚያን መልእክት መጀመሪያ አንብቡት። ስሙን አስቀድሞ ይጽፋል። በጉባኤው ስላለው ጠብ ሲያነሣ ደግሞ ወሬውን ከየት እንዳገኘ አይደብቅም፤ የቀሎዔ ቤተ ሰዎች እንደ ነገሩት በግልጥ ያስቀምጣል። የቀሎዔ ሰዎችም ስማችን አይጠራ ያሉ አይመስልም። እኔ ሽማግሌ ብሆን ኖሮ “ስሜ እንዳይጠቀስ እንጂ” ብሎ ለሚጀምር ሰው የምመልሰው ቃል አንድ ነው፤ ሂድና ስምህን ይዘህ ተመለስ። (ልጅ የተደፈረበት፣ ሚስት የምትደበደብበት ጉዳይ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ላይ የተጎዳችውን ስም መጠበቅና ለሕግ ማሳወቅ የሽማግሌዎች ግዴታ ነው። እርሱ ተጎጂውን መከለል እንጂ ጭምብል አይደለም።)

ስለ ሴትዮዋም አንድ ነገር ልበል። በበርለሰን ታሪክ ውስጥ ሁሉም የሚያወራው ስለ ተገራፊውና ስለ ዐቃቤ ሕጉ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ክፍል አከራይታ የምትኖር ሴት ግን ስሟ በካውንቲው ሁሉ አፍ ገባ። የእርስዋን ክብር እንጠብቃለን ብለው የተነሡት ሰዎች ናቸው ስሟን አደባባይ ያወጡት። በእኛ ጉባኤዎችም ወንዱ ተግሣጹን ተቀብሎ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ መድረክ ሲመለስ፣ ሴቲቱ አጥቢያ ቀይራ የምትሄድበትን ጊዜ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

በትዳር ውስጥስ? ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ጭምብል የሚለብሱበት አንድ የታወቀ መንገድ አለ፤ እርሱም “ሰዎች ምን ይላሉ መሰለህ” የሚለው ነው። ሚስት ባሏ አምሽቶ መግባቱ አሳዝኗታል። እኔ አዝኛለሁ ማለት ይከብዳታል፤ ስለዚህ “እማዬ እንኳ ታዝበውሃል” ትለዋለች። ባልም ስለ ወጪ ሊነጋገር ፈልጎ “ወንድሞች እንዴት ነው ቤታችሁ አሉኝ” ብሎ ይጀምራል። ያን ጊዜ አማትና ወንድሞች ሳይጠሩ ሳሎን ገብተው ተቀመጡ ማለት ነው። ተወቃሹም መልስ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ይጠፋውና ለሁሉም ይቆጣል። “እኔ ነኝ ያዘንኩት” ማለት ሦስት ቃል ናት፤ ከአፍ ለመውጣት ግን አንዳንድ ቤት አሥር ዓመት ይፈጅባታል።

ወደ አደባባዩ እንመለስ። በፍርድ ቤቱ ሣር ላይ የዳን ሙዲ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ግን ቀድሞ የመጣው ሌላ ሐውልት ነው፤ በ1916 ለባሪያ ፍንገላው ወገን፣ ለኮንፌዴሬሽን ወታደሮች መታሰቢያ የተተከለ። በዚያው በ1916፣ ግንቦት ወር ውስጥ፣ በዚሁ መንገድ ወደ ሰሜን ከሁለት ሰዓት ባነሰ የመኪና ጉዞ በምትገኘው ዌኮ ከተማ፣ ጄሲ ዋሽንግተን የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር ወጣት ከችሎት ተጎትቶ ወጣና በማዘጋጃ ቤቱ ፊት በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ መካከል ተቃጠለ። ፎቶግራፉ ፖስት ካርድ ሆኖ ተሸጠ። እዚያ የነበሩት ሰዎች ጭምብል እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ አንድም ሰው አልተከሰሰም። ስለዚህ የ1923ቱን ፍርድ ስናደንቅ የተገረፈው ሰው ነጭ እንደነበረ እንዳንረሳ። ለእኛ ለጥቁር ሕዝብ ልጆች፣ በተለይም ልጆቻችን ዛሬ በዚያ አገር ለሚያድጉ፣ ሁለቱን ሐውልቶች በአንድ ቀን ማየት ይጠቅማል። ልጆቹ ቢጠይቋችሁ አሳጥራችሁ አትለፉት።

ሙዲ ከዚያ ወዲህ በ1925 የቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በ1926 ሚያዝያ ላይ ሚልድረድ ፓክስተን የምትባል መምህርትና ጋዜጠኛ አገባና ወዲያው ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። ሙሽሮቹ ጫጉላቸውን ያሳለፉት ከከተማ ከተማ እየዞሩ በምርጫ ቅስቀሳ ስለነበረ ጋዜጦቹ “የጫጉላ ዘመቻ” አሉት። አሸነፈ። በ1927 በ33 ዓመቱ ሥልጣን ሲይዝ በቴክሳስ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ አገረ ገዥ ነበር፤ እስከ 1931ም አገለገለ። ሚልድረድ በአገረ ገዥው ቤት የቀን ማስታወሻ ትይዝ ነበር። አዲስ ሙሽሮች፣ የመጀመሪያው ዓመታችሁ ተጨናነቀ ብላችሁ ስታማርሩ እነርሱን አስቡ።

ለጉዞው ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ሂዱ፤ ይህኛውም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በበጋው ሙቀት አደባባዩን በእግር መዞር ለሽማግሌ አይሆንም። በጸደይ ግን በከተማዋ አሮጌ ቤቶች አጥር ሥርና በየመንገዱ ዳር ቀይ አበባ ይፈነዳል፤ ፖፒ ይሉታል። ከተማዋም በየዓመቱ በሚያዝያ በዓል ታደርግለታለች። አበባው የአገሩ አይደለም። ኮምፕተን የሚባል የከተማዋ ልጅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ አውሮፓ ዘምቶ ሳለ ዘሩን ለእናቱ ላከላት። እናትየው በግቢዋ ዘራችው። ከዚያ ንቦቹና ነፋሱ ወደ ጎረቤት አጥር ወሰዱት።